መልስ

ነዚፍ ነኝ፣ በሦስት ጎማ የምተዳደረው፣
ከሕርማታ ቆጪ ሰው የምመላልሰው።
ሐሙስ በገበያ፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት፣
አዌቱ ድልድይ ላይ ቆምኩኝ እንደ ሐውልት።

ከፊቴ አይሱዙ፣ ሙዝ እስካፉ ጭኖ፣
ከኋላ ሚኒባስ፣ ትዕግሥቱ ተንኖ፣
ከግራ ባጃጆች፣ ከቀኝም ባጃጆች፣
አንዲት ቧንቧ አፍ ላይ የሚጋፉ ልጆች።
ሁሉም ጡሩንባውን ይነፋል፣ ይነፋል፤
ጩኸት መንገድ ቢሆን ማን እዚህ ይተርፋል?

ከኋላ ወይዘሮ ረውዳ ተሳፍራ፣
ሁለት ዶሮ ታቅፋ፣ ዘንቢልም ጨምራ፣
"እዚሁ ልውረድ፣ ስንት?" ነገርኳት፣ አሥራ አምስቱን፤
ሃያ ብር ሰጥታኝ "አምጣ" አለች ቀሪውን።
"መልስ የለኝም እቴ!" ይህ ነው የኔ ትጥቄ፣
ቤንዚን ባለቀ ቀን የማያልቅ ስንቄ።

ወረደች በእግሯ፣ ዶሮዎቿን ይዛ፣
በመኪናው መሐል እንደ ውኃ ተጉዛ፣
ድልድዩን ተሻግራ ቀና ብላ ሄደች፤
አውራ ዶሮው ጮኸ፤ እሷ ግን አልጮኸች።
እኔ?
እኔማ እዚያው ነኝ። ሞተሬ ያጨሳል፣
ዓይኔ ያለ ኀዘን ቆሞ ያለቅሳል።

በሌላ ሳምንት ደግሞ ቤንዚን ጠፋ አሉና
የማደያው ሰልፍ ሞላው ጎዳና።
ሌሊቱን ባጃጄን አሰልፌ ትቼ፣
ጠዋት ወደ ቤቴ በእግሬ መጥቼ፣
ልጄን ኢክራምን ልወስዳት ትምህርት ቤት፣
"አባ፣ ባጃጁስ?" አለች። "ተሰልፏል" አልኳት።
እጄን ይዛ ሄደች፣ ዛፍ እየቆጠረች፣
"ይሄ ጥላ የኔ፣ ያኛው ያንተ" እያለች።

ስምንት ዓመት ነድቼ ያላየሁት ነገር፣
ወፍ ነበር፣ ቦይ ነበር፣ ሰላምታም ነበር።
አባ ቢያ ከደጁ ጎማ እየለጠፈ፣
"ነዚፍ፣ እግር አወጣህ?" ብሎ ለከፈ።
"ብስክሌት" አለኝ "ያለ ቤንዚን ያድራል፤
የሚጠጣው ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ይገኛል፤
ሦስተኛው ጎማ ነው ሰልፍ የሚያስይዘው!"
ስቄ አለፍኩት፤ ቃሉን ግን አብሬ ይዤው።
ደረስን። ሰዓት አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ነው።
በባጃጅ? አልዋሽም፣ ሠላሳ የሚፈጀው።

ባጃጄን አልሸጥኩም፤ ወልይ ነኝ አላልኩም፤
ያለ እሱ ከጓዳ ዱቄት አላየሁም።
ነፍሰ ጡር አለችኝ፤ አለ ጉልበት የከዳው፣
ከጅሬን ዳገት ላይ ሐኪም የሚፈልገው፤
ለእነሱ ይትረፍ የነዳጄ ጠብታ፣
ለእነሱ ይከፈት የድልድዩ ቦታ።

ግን ጎረምሳ ሁሉ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣
ከፈረንጅ አራዳ "አጂፕ አድርሰኝ" ብሎ
እጁን ሲያወጣልኝ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ፣
አንገቴን አውጥቼ እላለሁ መልሼ፦
"ወንድሜ፣ ቅርብ ነው፤ በእግርህ ትደርሳለህ፤
እኔን ብትሳፈር ድልድዩ ላይ ታድራለህ።"
አንዱ ስቆ ያልፋል፤ አንዱ ይሳደባል፤
"ሥራ ጠላህ?" ብሎኝ ሌላ ይሳፈራል፤
ባጃጅ መች ይጠፋል!
ባልደረቦቼማ፣ እነ ሸምሱ፣ እነ ታጁ፣
"ነዚፍ ለቀቀበት!" ይላሉ እያወጁ።
ይበሉ።

ትናንት፣ ሐሙስ ደግሞ፣ ረውዳን አየኋት፤
ዘንቢል ብቻ ይዛ፣ ዶሮ አልነበራት።
እጇን አልዘረጋች፤ ቆምኩ በገዛ እጄ፣
ከኪሴ አምስት ብር ዝርዝር ፈልጌ።
"እንኪ" አልኳት። "ምንድነው?" "የዚያን ቀን መልስሽን።"
ቆጠረችው፣ ሳቀች፣ አነሳች ዘንቢሏን፤
"ለካ መልስ አለህ!" አለችኝና ሄደች፣
በዛፉ ጥላ ሥር፣ በእግሯ፣ አልቸኮለች።

እኔም ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁ፤
ከጡሩንባው በታች አዌቱን ሰማሁ።